ሐዋሳ ላለችው እህቴ፤ ስለ ዘመኑ ግጥምና ልቦለድ

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «የዘንድሮ ገጣሚዎች ቤት ይመታሉ እንጂ ምት አያውቁም» ያልሽው ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን የስልክሽ ጥፋት ነው።

እስኪ ይቺን ለማሳያ የገጠምኳትን ስንኝ ጮክ ብለሽ በያት፦

የሐይቁ ዳር ነፋስ ጀልባዋን ሲገፋ

ፊደል አትቁጠሪ፤ ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚባለውን ድምፅ፣ ቁጠሪ። አናባቢ የሌለው ሳድስ ካለፈው ፊደል ጋር ይጠቀለላል፦ የ/ሐይ/ቁ/ዳር/ነ/ፋስ። ፊደሉ 9፣ ቀለሙ 6። ሁለተኛው ሐረግም ጀል/ባ/ዋን/ሲ/ገ/ፋ፣ 6 ነው። 6 በ6 የወል ቤት ይባላል። 5 በ5 ሲሆን ሰንጎ መገን፣ 8 በ8 ሲሆን በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት።

ዘመነኞቹ ብዙ ጊዜ 12ቱን ቀለም በአንድ መስመር አያሰፍሩም። ስንኙን ለሁለት ይሰብሩታል፤ አንዳንዴ አንዲት ቃል ብቻዋን ታች ትወርዳለች። የተሰበረውን መልሰሽ ገጥመሽ አንብቢ። 6 በ6 ከወጣ ምቱ አለ፣ የተሰበረው ለዓይን ነው። ያኔ ቃሏ ብቻዋን መቆሟ ምን ጨመረ ብለሽ ጠይቂ። ምንም ካልጨመረች ወረቀት ማባከን ነው፤ እንዲህ ያለ መድበል ደግሞ ሞልቷል! በቴሌግራም ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። የጸጋዬ ቤት ስንኝ 16 ቀለም ስለሆነ ስክሪኑ አይበቃውም፤ ጭራው ይወርድና ገጣሚው ያልሰበረውን ስልኩ ይሰብረዋል። ስልኩን አጋድመሽ ያዢው።

ለልምምድ የበዕውቀቱ ስዩም የግጥም መድበል «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» ይሻልሻል፤ አጫጭር ግጥም ቆጥሮ ለመጨረስ አይከብድም። መጥበቅና መላላትን ፊደላችን ስለማያሳይ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢ።

ወደ ልቦለድ ስትመጪ፣ ደራሲውን አዳም ረታን በትልቁ ልቦለዱ በ«የስንብት ቀለማት» አትጀምሪ። «ሕጽናዊነት» የሚለውን አጻጻፉን የቀዳው ከእንጀራ ነው፤ ታሪኮቹ እንደ እንጀራ ዓይኖች ተበታትነው ይታያሉ፣ ከሥር ግን የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጋ በስም ብቻ ያለፈ ሰው ሌላው ጋ ባለታሪክ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ብዙዎች መሐል ላይ የሚያቆሙት «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» እያሉ ስለሚቸኩሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ሽታና ዕቃ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ጨዋታውም እዚያው ነው። መጀመሪያ አጫጭሮቹን፣ «አለንጋና ምስር»ን፤ ቀጥሎ «ግራጫ ቃጭሎች»ን፤ ትልቁን በመጨረሻ። ከኋላ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የሰዎቹን ስምና ገጹን በእርሳስ መዝግቢ።

መንገደኛ ካገኘሽ ሁለት አዲስ የግጥም መድበል ላኪልኝ። ሳትከፍይ በፊት ግን እዚያው መደብሩ ውስጥ ቆመሽ፣ መሐሉን ገልጠሽ፣ ሦስት ስንኝ ቁጠሪ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ