ለሦስተኛው ስልክ እናዋጣ

በያላችሁበት ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጭ ያለነው ስንደውል ነው ያደርነው። አንዱ ወገን ደሴን «ይዘናታል» ይላል፣ ሌላው «ሐሰት ነው» ይላል፣ ስልኩ ደግሞ አይሠራም። እኔ የእናቴን ድምፅ የሰማሁት ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ነው። ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ ሞተ ተብሎ ያለቀስንለት የሆጤው ጎረቤታችን ዛሬም ሰኞ ገበያ በርበሬ ይሸጣል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በስደት ያሉ ጥቂት ጋዜጠኞች በኢንተርኔት የሚያወጡት የአማርኛ ዜና አለ፤ እናዋጣ የምላችሁ ለእነሱ ነው። ግማሾቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) ከልክሏል። ለታሰረ ባልደረባው ስንቅ ሲያመላልስ የከረመ ጋዜጠኛ ግን ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ይወጣል። የወጡት እንዲያ ነው።

ሥራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ዘንድ እንግድነት ሰንብቼ ሳለ፣ ሐረጎ ላይ ተኩስ ስላለ መንገዱ ተዘግቷል የሚል መልእክት ደረሰው። ለአንድ ሾፌር ደወለ። «ቁልቁለቱ ላይ ቆመናል» አለው። በቃ ጻፈው አልኩት፤ እምቢ አለ። ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ላላት ሴት ደወለ። ከጠዋት ጀምሮ ከላይ የወረደ መኪና የለም አለችው። አሁንም አልጻፈም። ሦስተኛው ስልክ የተነሳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ሰውየው ቦታው ላይ ነበር። «የምን ተኩስ? ተሳቢ ተገልብጦ ነው፣ እያነሱት ነው!» ዜናው በሁለት መስመር ወጣ።

ያ ሁሉ ስልክ በራሱ ኪስ ነው። ከውጭ በቀጥታ መስመር ወደ አገር ቤት መደወል እንዴት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ። በዋትስአፕ ይደውሉ እንዳትሉ፣ የክልላችን የሞባይል ዳታ ከ2015 ክረምት እስከ 2016 ክረምት ተዘግቶ እንደነበር አትርሱ።

ተሳስተውም ያውቃሉ። ኮምቦልቻ የተነሳን እሳት ያልተነሳበት ሰፈር ወስደው ጻፉት፤ እርማቱን በማግስቱ ዜናው በነበረበት ቦታ አወጡ። በጦርነቱ ጊዜ ከየወገኑ ተሰድበዋል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስቀየመኝ ዘገባ አለ።

«አንድ ደህና ባለሀብት ለምን አትፈልጉም?» የሚሉን አሉ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምሽት 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅን ሲሰማ ቤት ውስጥ ትንፍሽ የሚል አልነበረም። መጋቢት 2017 ላይ ዋሽንግተን አንድ ትእዛዝ ወጣና ስርጭቱ ተቋረጠ። አባባ ባትሪ ድንጋዩ ያለቀ መስሎት አዲስ ገዝቶ ለወጠ። ሁለት ጊዜ። አንድ ሰው ከሚያኖራቸው ይልቅ 200 ሰው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጣ፣ አሥሩ እንኳ አኩርፈው ቢቀሩ ሥራው አይቆምም። አኩራፊ ደግሞ መቼም አይጠፋም።

አሰራሩ እንደ እድራችን ነው። ገንዘብ ያዡ ከጋዜጠኞቹ መካከል አይደለም፤ የገባውና የወጣው በየሦስት ወሩ ለአዋጪዎች ይነበባል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለስልክ ነው፤ ከዚያ ለሰርቨር ኪራይና ድረ ገጹን ከጥቃት ለመከላከል፤ ከተረፈ ደግሞ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ዜና ለሚያርመው ልጅ አበል ይሆናል። የአዋጪ ስም አይወጣም። «አዋጥቻለሁና ይህን ጻፉልኝ» ወይም «ይህን ተዉልኝ» የሚል ሰው ካለ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን፣ አደራ፣ ገንዘብ አትላኩ። ከእናንተ የምንፈልገው ስልክ ማንሳት ነው። ያያችሁትን አየሁ፣ የሰማችሁትን ሰማሁ ብላችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው። እሱም ቢሆን የሚያሰጋችሁ ከሆነ ይቅር፤ ማንም አይቀየማችሁም።

መዋጮው የሚጀመረው ጥቅምት 20 ነው፤ ቀኑን ሆን ብለን መረጥነው። አብሽሩ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትፈሩ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ በየከተማችሁ ባለው እድር ጠይቁ፤ ደረሰኝ ካልቆረጠላችሁ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡት።