የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ጨው አይደለም

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ “ጨው አብቃዮች” ሲባል ከርሟል። ያበቀልነው ግን ከእንቁላል ነጩ የሚገኘውን ሊሶዛይም የተባለ ፕሮቲን ክሪስታል ነው። የክበቡ ምርጫና መዋጮ ጥቅምት ላይ አልቋል፤ የቀረው ዓርብ ዓርብ ሥራ ነበር።

50 ሚሊግራም ሊሶዛይም በ1 ሚሊሊትር አሲቴት ባፈር (አሲድነቱን ሳይለውጥ የሚቆይ ፈሳሽ፣ ፒኤች 4.6) ይሟሟል። ማይክሮፒፔት (በጣም ጥቂት ፈሳሽ መለኪያ) ስለሌለን በኢንሱሊን ሲሪንጅ ለካን፤ አንዱ ጭረት 10 ማይክሮሊትር ነው። አንድ ጭረት ፕሮቲን ከብልቃጡ ሥር ካለው ፈሳሽ አንድ ጭረት ጋር ከቨር ስሊፕ (ስስ የመስታወት ሽፋን) ላይ ይቀላቀልና ሽፋኑ በብልቃጡ አፍ ላይ ተገልብጦ በቫዝሊን ይታሸጋል። ሥሩ ያለው 8 በመቶ ጨው ብቻ ከሆነ ውሃው ከጠብታው ይወጣል፣ ጠብታው ይጠባል፣ ክሪስታሉም ይበቅላል። ኤታኖል (አልኮል) ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤታኖሉ ተንኖ ጠብታው ውስጥ ይገባል፣ ጠብታው ያብጣል፣ ተንሸራትቶ ይወድቃል። ስድስቱ እንዲህ ከወደቁብን በኋላ ማንጠልጠሉን ትተን በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀመጥናቸው። ኤታኖሉም በረዶ የሚያህል መቀዝቀዝ አለበት፤ በጅማ የከሰዓት ሙቀት ከተጨመረ ፕሮቲኑ እንደተቀቀለ እንቁላል ይነጣል። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ዩሬዝ የተባለውን ፕሮቲን በአሴቶን በክሪስታል መልክ ያወጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ሰምነርም ያለ ቅዝቃዜ አልሆነለትም።

ከባዱ መክፈቱ ነው። ሽፋኑ እንደተነሣ ኤታኖሉ ይበናል፣ ጠብታው ይታመሳል፣ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል። ሁለቱ ዓይናችን እያየ ተሰነጠቁ። በግንቦት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሽፋኑን አንሥታ ወዲያው ፓራፊን ዘይት ጠብ አደረገችበት። ከዚያ ከራሷ ጠጉር አንድ ነቅላ፣ ቀለበት አድርጋ በሻማ ሰም መርፌ ጫፍ ላይ አጣበቀችና ክሪስታሉን አወጣችው። በማይክሮስኮፑ ዙሪያ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ወዳለበት አዲስ ጠብታ አዛወረችው፤ ከሰዓት በኋላ ክሪስታሉ ሰማያዊ ሆኖ ቀረበ። የፕሮቲን ክሪስታል ውስጡ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስላለው ቀለም ይጠጣል። ጨው አይጠጣም። ለተሳላቂዎቻችን ይኸው መልሱ።

በሚያዝያ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ፣ አሥር የሚያህሉ ብልቃጦች ውስጥ የነበረው ክሪስታል ሁሉ ሟሟ። ፍሪጁም የመምህራን ማረፊያ ክፍል ፍሪጅ ነው። ወመህን (የወላጅ መምህር ኅብረትን) የምንጠይቀው አንድ ማይክሮፒፔትና አንድ ትንሽ ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ካልመጣ በሚቀጥለው ዓመት ኤታኖል አንነካም፤ የሚቀጣጠል ነገር ከመምህራን ወተት ጎን ማስቀመጥ በቃን።