ደብዳቤ ለልጄ፦ ድካምህን አትገምተው፣ ለካው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምህ? ሚስትህና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ እንደምታውቀው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ጭጋጓን ለብሳ ውላ ታድራለች።

ባለፈው በስልክ ያልኸኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። «እማ፣ እንጀራ ትቻለሁ፣ ስኳርም አልቀምስም፣ ግን ከቢሮ ስመለስ ሶፋ ላይ ዘጭ ነው» አልኸኝ። በስልክ መምከር አይመቸኝም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንተም «እሺ እማ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ይኸው ተጽፎልሃል።

የኔ ጌታ፣ ስኳር ያለበት ሰው ድካም አንድ ዓይነት አይደለም። ስኳሩ ሲጨምር ይደክመዋል። ሲወርድም ይደክመዋል። ከስኳሩ መጠን ጋር የማይገናኝ ድካምም አለ። ሁሉም ሶፋ ላይ ይጥሉሃል፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ሲደክምህ መጀመሪያ ምግብም አልጋም አትፈልግ። የደም ስኳር መለኪያዋን አንሳ።

ደሙ የሚነካባት ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ውድ እንደሆነች አውቃለሁ። በየሰዓቱ ለካ አላልሁም። ጠዋት በባዶ ሆድህ፣ አንዳንድ ቀን ምሳ ከበላህ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ደግሞም ያ ድካም ሲመጣብህ ይበቃል። ሐኪምህ ሌላ ካለህ የሱን ስማ። እጅህን በሳሙና ታጠብና በደንብ አድርቅ፤ ብርቱካን የነካ ጣት ውሸታም ቁጥር ያወጣል። መርፌዋን የጣትህ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ውጋት፣ ሕመሙ ያንሳል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፍ። አጠገቡ ምን እንደበላህና ምን እንደተሰማህ በአንድ መስመር ጨምርበት። ቀጠሮ ስትሄድ ደብተሩን ያዝ። የሦስት ወሩ የደም ምርመራ አማካዩን ነው የሚናገረው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ለምን እንደዞረብህ አይናገርም።

ለብዙ ሰው የሚፈለገው በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 (mg/dL)፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ከዚያ በላይ እየዋለ ከሆነ ድካሙን ከሌላ ቦታ አትፈልገው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ማለት ነው፤ ስኳሩ ደም ውስጥ አለ፣ ሰውነትህ ግን አያገኘውም። በዚያ ላይ ሌሊት ሽንት እያመላለሰ እንቅልፍ ይነሳሃል፣ ውኃህንም ያሟጥጠዋል።

ከ70 በታች ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያልብሃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ሆድህ ይሞረሙራል፣ ያለ ምክንያት ትነጫነጫለህ። ያን ጊዜ ስኳር ክልክል ነው እያልህ አትፈላሰፍ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ጠጣ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። ሩብ ሰዓት ቆይተህ እንደገና ለካ። ካልወጣ ድገመው። ሲስተካከል ቁራሽ እንጀራ ብላ። ይህን ለሚስትህም፣ ቢሮ ውስጥ አጠገብህ ለሚቀመጠውም ሰው ንገር። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ሐኪም ቤት ነው የሚወሰደው።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ብቻውን እንዲህ አያወርድም። አንተ ግን ግሊቤንክላማይድ የሚባል ሌላ የስኳር ኪኒን ተጨምሮልሃል። እሱን ውጦ ምሳ መዝለል ቀልድ አይደለም። «እንጀራ ትቻለሁ» ስትለኝ የደነገጥሁት ለዚህ ነው።

እንጀራ ለምን ትተዋለህ? የጎጃም ልጅ እንጀራ ትቶ የት ይደርሳል! እርግጥ «ጤፍ ለስኳር አይጎዳም፣ እንደልብህ ብላ» የሚሉህን አትስማ። ማኛም ቢሆን ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር መሆኑ አይቀርም። ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ችግሩ በጋራ ትሪ ስንበላ መጠን የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ያጎርስሃል፣ አንዱ ይጨምርልሃል። እኔም ስኳር አለብኝና የራሴ ዝርግ ሳህን አለችኝ። ግማሿን በጎመን ወይም በሰላጣ እሞላለሁ። ሩቧ የምስር ወይም የሥጋ ነው። በቀረው ሩብ ላይ ግማሽ እንጀራ አጠፍና አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ጎመኑን እበላለሁ፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ። ድንች ወጥ የተሠራ ቀን ድንቹን የምቆጥረው ከእንጀራው ጋር ነው። ድንችን አትክልት ነው ብሎ በእንጀራ መብላት፣ እንጀራን በእንጀራ መብላት ነው።

አንተ ደግሞ ሐይቁ ደጅህ ነው። ቆሮሶ አሣውን ብላ እንጂ! ዘይት ውስጥ ከሚዋኘው ጥብስ ግን ሾርባው ይሻልሃል። ማር መድኃኒት ነው የሚሉህም ይኖራሉ። የኛን አገር ማር እኔም እወዳለሁ፤ ለደምህ ግን ማርም ስኳር ነው። አረቄማ አታንሳብኝ። በባዶ ሆድ ከዚያ ከግሊቤንክላማይዱ ጋር ሲገናኝ ሌሊት ላይ ስኳርህን ይጥለዋል። ሰው ደግሞ ሰክሮ ነው ብሎ ይተውሃል።

ግብዣ ላይ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ሲሉህ «ጠግቤያለሁ» አትበል። ለኛ ሰው እሱ መልስ አይደለም፤ ጭራሽ ይጨምሩልሃል። «ስኳር አለብኝ» በል። እንደ ነውር የሚደብቁት አሉ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እኔ ዝክር ላይም ማኅበር ላይም በግልጽ ነው የምናገረው። አሁን ጎረቤቶቼ ሳልጠይቅ ጎመኑን ወደኔ ያስጠጉታል።

ፍልሰታም ሊገባ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም ካልህ አስቀድመህ ሐኪምህን ጠይቅ፣ የኪኒኑ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይችላል። ለንስሐ አባትህም ንገራቸው። የኔ ንስሐ አባት ሲሰሙ «ከሥጋና ከወተቱ ተከልከዪ፣ መድኃኒትሽን ግን በሰዓቱ ውሰጂ፣ ምግብሽንም ብዪ» ነው ያሉኝ።

መለኪያዋ ደህና ነው እያለችህ ድካሙ ካልለቀቀህስ? ያኔ ሌላ ምርመራ ይታዘዝልህ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12ን ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከአሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ እንደኛ ጾም ለሚያበዛ ሰው ነገሩ ይብሳል። እግር መጠዝጠዝና መደንዘዝም ያመጣል፣ ሰው ሁሉን በስኳሩ ያሳብባል እንጂ። ደም ማነስም፣ እንቅርትም ያደክማሉ። ሚስትህ ታንኮራፋለህ፣ ትንፋሽህም ይቆራረጣል ካለችህ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ተናገር።

ከራት በኋላ ሶፋው ላይ አትውደቅ። ሩብ ሰዓት ያህል በሐይቁ ዳር ሂድ። የሚንቀሳቀስ እግር ስኳሩን ከደም ላይ ራሱ ይወስደዋል። የደከመውን ሰው ተራመድ ማለት ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ሞክረው። ጫማህ እንዳይጠብህ ብቻ፤ ማታ ማታም እግርህን ገልብጠህ እይ።

ወደዚያ ከሚመጣ ሰው ጋር ግብጦ ልኬልሃለሁ። ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ለቀናት ውኃው እየተቀየረ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ወጥቷል። ቀምሰህ መረር ካለህ ግን አትብላው፣ እንደገና ዘፍዝፈው፤ መራራው ይመርዛል። ስኳር ያወርዳል እያሉ ኪኒን የሚያስጥሉ ሰዎች አሉ፣ እነሱን እንዳትሰማ። እኔ የላክሁልህ ፕሮቲንና ፋይበር ስላለው፣ ቢሮ ከምትቀማምሰው ብስኩትም ስለሚሻል ነው። ቀጠሮህ መቼ እንደሆነ ደውለህ ንገረኝ። ደብተሩን መጀመርህንም እጠይቅሃለሁ።

እናትህ