መታጠፊያው ላይ የቆመችው ጥቁር ምሰሶ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ቨርጂኒያ ታክሲ ስነዳ ዓመታት ተቆጠሩ። ሰሞኑን ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መታጠፊያው ላይ ቀጭን ጥቁር ምሰሶ አየሁ። አናቷ ላይ ትንሽ ሶላር፣ ከሥሩ ካሜራ። የፍጥነት ካሜራ መስሎኝ ፍሬን ያዝኩ፤ ቅጣት ይመጣል ብዬም ሳምንት ሙሉ የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ። ምንም አልመጣም። ለካ እሷ የሮጠውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ሁሉ ነው የምትመዘግበው።

የታርጋ አንባቢ ካሜራ ናት። ፍሎክ የሚባለው ኩባንያ በየከተማው የተከላቸው ብዙ ናቸው። የመኪናውን ጀርባ ታነሳለች፤ ታርጋውን፣ ቀለሙን፣ ዓይነቱን፣ የለጠፍከውን ስቲከር ሳይቀር። (እኔ ባንዲራችንን ለጥፌያለሁ፣ እንግዲህ እኔን መለየት ምን ያቅታል!) ፎቶው ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር ይቀመጣል። አንዱ ፎቶ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሲጠራቀም ግን እሁድ የት እንደማስቀድስ፣ ማክሰኞ ማታ የማን ቤት ለቅሶ እንደደረስኩ፣ የትኛው ሐኪም ጋ እንደምመላለስ ይናገራል። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ከተማ ውስጥ 172 ካሜራ ተተክሎ ሁለት ነዋሪዎች በ2024 ፍርድ ቤት ሄደዋል።

የተሰረቀ መኪና ይገኝበታል፣ አልክድም። የቨርጂኒያ ሕግም ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለምርመራ ካልተፈለገ በቀር ፎቶው ከ21 ቀን በላይ እንዳይቆይ ወስኗል። ሦስት ሳምንት ግን ቀላል አይደለም።

ይሄን ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው «የሚፈራ ሌባ ነው» አለኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወገናችን ሌባ ነበር እንዴ? ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ገብቶ የስካይፕ ወሬዬን ሲቀዳ ነበር ብሎ፣ በ2014 ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ በ2017 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እዚህ ሊታይ አይችልም ብሎ ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ስንደውል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። እዚህ ግን ቀና ብለን ምሰሶ አናይም።

ሌላው ስልክ ነው። ፖሊስ ቢይዝህ እንኳ ስልክህን ለመበርበር በመደበኛው የዳኛ ማዘዣ ያስፈልገዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ወስኖታል። አንተ ከፈቀድክለት ግን ማዘዣ አያስፈልገውም። እኛ ደግሞ የመንግሥት ሰውን እምቢ ማለት ነውር ሆኖብን ገና «ይቻላል?» ሲለን ከፍተን እናቀብላለን። በትህትና «አልፈቅድም» ማለት ይቻላል። ስልኩንም በጣት አሻራ ሳይሆን በቁጥር ብትቆልፉት ይሻላል፤ ስለ አሻራው ፍርድ ቤቶቹ ገና አልተስማሙም።

አሁን ልመናዬ። የካውንቲውን ፖሊስ ጠይቁልን፤ በሰፈራችን ስንት ካሜራ አለ? ፎቶውንስ ከእነሱ ሌላ ማን ያየዋል? መልሱን በአማርኛ አውጡት። ቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ለእኔ ተዉት።

የታክሲ ሹፌሩ፣ ከአሌክሳንድሪያ