ጓያ የሚሰብረው አጥንት አይደለም

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በጤና አምዳችሁ ስለ ኦክሲዳቲቭ ስትረስ፣ ማለትም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ኬሚካሎች ሴል ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት፣ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ወሬው ሁሉ የፊት ክሬም፣ አረንጓዴ ሻይና የቫይታሚን እንክብል ሆነብኝ። ይኸው ነገር እኛ አገር የሰው እግር ያሳጣል። ስለ ጓያ አንድ መስመር ብታነሱ ምን ነበረበት?

ያደግሁት ደምቢያ ነው። አንድ ጎረቤታችን በሁለት ምርኩዝ፣ ጉልበታቸው እየተጠላለፈ፣ በእግራቸው ጣት ነበር የሚሄዱት። የጫማቸው ተረከዝ አዲስ ነው፤ አፍንጫው ግን ተበልቶ አልቋል። "ጓያ ሰብሯቸው ነው" ይባላል። እኔ አጥንታቸው የተሰበረ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳያገኘን ከጓዳ ታባርረናለች። ከዚያ ንፍሮውን ታቀርብልናለች! ምስኪን፣ መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ መሆኑን ማን ነግሯት።

አጥንቱ ደህና ነው። የሚጎዳው ከአንጎል ተነስቶ ወገብ ድረስ የሚወርደው የነርቭ ክር ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ያም ሆኖ የአንድ ሴል አካል ነው። ውስጡ ማይክሮቱቡል የሚባሉ፣ 25 ናኖሜትር የሚወፍሩ ቱቦዎች አሉ። እንደ ጎጆ ወጋግራ ክሩን ደግፈው ያቆሙታል። ሐዲድም ናቸው፤ የሴሉ ስንቅ የሚመላለሰው በእነሱ ላይ ነው።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ነርቩን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል፤ ካልሲየም ይጎርፍበታል። የሴሉ ኃይል ማመንጫ ሚቶኮንድሪያ ይታወክና ፍሪ ራዲካል ይተፋል። እንዲህ ያለው ኬሚካል የቱቦዎቹን ጡብ፣ ቱቡሊንን፣ እንደሚያበላሽ በላቦራቶሪ ታይቷል። ይህን እሳት የሚያጠፋው ሴሉ ራሱ የሚሠራው ግሉታታዮን የሚባል መከላከያ ነበር። ኦዳፕ ግን የእሱንም ጥሬ ዕቃ ወደ ሴሉ እንዳይገባ ያደናቅፋል። በጣም የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ክሮች ናቸው። ለዚህ ነው እግር ተይዞ እጅ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው። አእምሮ አይነካም፤ ሰውየው ሁሉንም እያወቀ ይቀመጣል።

"ጓያ አትብሉ" ማለት ቀላል ነው። ዝናብ ሲጠፋ ግን ማሳ ላይ የሚተርፈው እሱ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እዚያ የተደረገው ጥናት ላይ ንፍሮውንና እሸቱን የበሉት በብዛት ተጎድተው ተገኙ። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው ወይም ቅመም ባለው ወጥ የበሉት የተሻሉ ነበሩ። ጤፍና ስንዴ ውስጥ ግሉታታዮን የሚሠራበት ድኝ ያለው አሚኖ አሲድ አለ፤ ጓያ ውስጥ ግን እሱ ትንሽ ነው። እንግዲህ እንክብሉን ትታችሁ ይህን ጻፉ። ጓያ ብቻውን ለወራት አይበላ፤ በተለይ ንፍሮው። የግድ ከሆነም እህል ይቀላቀልበት። በሽታው አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም።

ደግሞ ድርቅ ከተወራ በኋላ ሳይሆን፣ ከወዲሁ ብታወጡት።

አክባሪያችሁ፣
ከጎንደር