እሳቱ ፊት የቆሙትስ?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ምግብ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የጋባዦቹ ስም አለ፤ ያበሰሉት ሰዎች ግን የሉም። ይህ መታረም አለበት።

ጄምስ ሄሚንግስን እንውሰድ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው የቶማስ ጀፈርሰን ባሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1784 ፓሪስ ተወስዶ የፈረንሳይን የምግብ አሠራር ተማረ። ነፃ የወጣው በ1796 ነው፤ ያውም ሙያውን ለወንድሙ ለፒተር ካስተማረ በኋላ። ከመሄዱ በፊት የወጥ ቤቱን ዕቃ፣ የመዳብ ድስቶቹን ሳይቀር፣ ቆጥሮ በገዛ እጁ ጻፈ። ያ ወረቀት ዛሬም አለ። ማካሮኒ በአይብን አሜሪካ ያስለመደው ጀፈርሰን ነው ሲባል ግን እሳቱ ፊት ማን እንደቆመ አይነሳም። ነገሩ የፍትሕ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብሳዩን ከታሪኩ ካወጣነው፣ ሙያው ከፓሪስ አሜሪካ እንዴት እንደተሻገረ ሊገባን አይችልም።

ፈረንሳዊቷ ምግብ አብሳይ ዩጄኒ ብራዚዬም አለች። እ.ኤ.አ. በ1933 በሁለት ምግብ ቤቶቿ ስድስት የሚሽሊን ኮከብ (ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጥ ደረጃ) አገኘች። እሷ ዘንድ የሠለጠነውን ዝነኛ ፈረንሳዊ አብሳይ ፖል ቦኩስን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እሷንስ?

ከእንግዲህ ስለ አንድ ምግብ ስትጽፉ የአብሳዩን ስም ከምግቡ ስም ቀጥሎ አስቀምጡልን። ስሙ ካልተገኘም «አብሳዩ አልተመዘገበም» ብላችሁ ጻፉ።

አንባቢያችሁ