እማዬ፣ አንቺንና አባዬን ሣልኳችሁ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አባዬስ? ጉልበቱ ቀለል አለለት? ይህን ስታነቢለት አንዳንዱን ቦታ ዝለይው። የቱን እንደሆነ ስትደርሺበት ታውቂዋለሽ።

ባለፈው በስልክ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ምን እንደምሠራ ስትጠይቂኝ እሥላለሁ ብዬሽ ነበር። ምን እንደምሥል ግን አልነገርኩሽም። እናንተን ነው። አንቺንና አባዬን፣ እኛ ትንንሾች ሆነን፣ ማታ፣ ብቻችሁን።

እንዳትቆጪ ብቻ።

አብራችሁ ያላችሁበት ደህና ፎቶ ያው የሠርጋችሁ ነው፤ ፎቶ ቤቱ መጋረጃ ፊት እንደ ዘብ ቀጥ ብላችሁ የቆማችሁበት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የእኛ ክርስትና፣ የእኛ ልደት ነው፤ እናንተ ወይ ዳር ላይ ናችሁ ወይ አንዳችሁ የላችሁም። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ እንኳ አይቼ አላውቅም። አባዬ ማታ ሲገባ ካፖርቱን ትቀበይዋለሽ፣ እሱ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጀርመንን ጣቢያ ያዳምጣል፣ አንቺ የቀበሌዋ ስኳር ወሩን እንዴት እንደምትደርስ ታሰላስያለሽ። በቃ። ፍቅሩስ የት ነበር? ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር አላሰብኩም። አሁን ነው፤ ከባሌ ጋር የምናወራው ስለ ዳይፐርና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ሲሆን። እኛም ጋ ግን ልጆቹን እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ አንዲት ግማሽ ሰዓት አትጠፋም። እናንተም ጋ ሳትኖር አትቀርም፤ አራት ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ውጭው ሰዓት እላፊ ሆኖ፣ መሄጃ በሌለበት።

ስለዚህ ያቺን ሰዓት ፈጠርኩላችሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዓይን ለዓይን እንድትተያዩ ነበር። እምቢ አለኝ። ጥፋቱ ያንቺ ነው። ጎንደር ይዘሽኝ ሄደሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንገባ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየኋቸው፤ ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ቁልቁል ያዩኛል። አንቺ ድርቡሽ ሊያቃጥለው ሲመጣ ንቦች እንዴት እንዳባረሩት እያወራሽልኝ በመሀል ደግሞ የድሮ ሠዓሊዎች ጻድቁን ከፊት፣ ክፉውን ከጎን በአንድ ዓይኑ እንደሚሥሉት ነገርሽኝ። ሰይጣን በአንድ ዓይን። ይሁዳም በአንድ ዓይን። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተያየ ደግሞ ለእኛ የሚታየን ጎናቸው ነው። አባዬን እንዲያ ብሥለው ይሁዳ ሆኖ ቁጭ! ሳቄ አላስችል አለኝ።

ከዚያ ሹሩባሽ ትዝ አለኝ። አንቺ በርጩማ ላይ ተቀምጠሻል፣ አባዬ ከኋላሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ ሹሩባሽን ይፈታልሻል። ሁለታችሁም ወዲህ ናችሁ፣ ሁለቱም ዓይናችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አትተያዩም። ጣቶቹ ግን ፀጉርሽ ውስጥ ናቸው። መብራት ሄዷል፣ ሻማ በርቷል። እኛ አራታችን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ግርጌና ራስጌ ሆነን ተኝተናል፤ አንዷ ግን የተኛች መስላ ታያለች፣ ማን እንደሆነች አልናገርም። ሬዲዮኑን ዘግቼዋለሁ። ሆን ብዬ ነው።

የሻማው ብርሃን አስቸግሮኝ ነበር። ፊታችሁን በቡኒ ብቻ ስቀባው ሞተብኝ፤ ከሥር ቀይ አልብሼ ጥላው ላይ ሰማያዊ ጣል ሳደርግበት ነው ነፍስ የዘራው። በጣም ያማረልኝ የአባዬ እጅ ነው። ያ ኮስታራ ሰውዬ ጠጉር እንዳይነጭ ሲጠነቀቅ ብታዪው!

ባሌ አይቶት «አባትሽ ይህን አድርገው ያውቃሉ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

አሁን ሳልጨርሰው የምጠይቅሽ አለኝ። ያኔ ማታ ማታ ምን ትለብሺ ነበር? እኔ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ አልብሼሻለሁ። አባዬስ ጢሙን የተላጨው መቼ ነው? የሠርጋችሁ ፎቶ ላይ አለው፣ እኔ የማስታውሰው ግን የለውም። ሌላው ደግሞ፣ ሹሩባሽን ጎረቤታችን ስትሠራሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሲፈታ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ማታ ተሠርቶ እያየሁት እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሣ ተፈትቶ ነው የማገኘው። ማን ነበር የሚፈታልሽ?

እሁድ ስደውል ንገሪኝ። አፍረሽ አልናገርም ካልሽ ስልኩን ለአባዬ ስጪው።

ልጅሽ